የቆዩ የመንገደኛ ባቡሮችንና የናፍጣ ሎኮሞቲቮችን ፎቶ ማንሳት፦ ከጎንደር ለሚነሣ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

«ድሬዳዋ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ የድሮውን ባቡር ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ካሜራዬን በምን ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ከጎንደር ፎቶ አንሺዎች፣ በተለይም ሙያውን በሠርግና በምርቃት ከለመዱ ወጣቶች፣ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሙሽራን «ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር በል» ማለት ይቻላል፤ ሎኮሞቲቭን (ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን ባለ ሞተር ክፍል) ግን ማዞር አይቻልም፤ የሚዞረው ፎቶ አንሺው ራሱ ነው። ከተማችን ሀዲድ ስለሌላት ደግሞ ከዚህ የሚሄድ ሰው ባቡሩን የሚያገኘው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ስፍራው ላይ ደርሶ መማር ለመጀመር ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ መልሱን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። በደንብ ካነበቡት፣ ከሥራው አብዛኛውን ጎንደር ላይ ጨርሰው መሄድ እንደሚችሉ ያያሉ፤ ምክንያቱም የባቡር ፎቶ የሚወሰነው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በሚመረጠው መቆሚያ፣ በፀሐይዋ አቅጣጫና አስቀድሞ በተስተካከለው ካሜራ ነው።

መመሪያው በዋናነት የሚናገረው ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ስለነበረው፣ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ስላለው አሮጌው መስመር፣ እንዲሁም በላዩ ስለሠሩት የናፍጣ ሎኮሞቲቮችና የመንገደኛ ፉርጎዎች ነው። የብርሃኑና የፍጥነቱ ስሌት ግን በማንኛውም አገር ለሚገኝ ባቡር ያገለግላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የሹተሩን (የብርሃን መዝጊያውን) ፍጥነትና አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) በእጅ (በማንዋል) ለማስተካከል የሚያስችል ካሜራ። ያለዎት ስልክ ብቻ ከሆነም መሥራት ይቻላል፤ ለስልክ የሚሆነውን በየቦታው እጠቅሳለሁ።
- ወደ 50 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ መደበኛ ሌንስና ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚያቀርብ ሌንስ። ሁለተኛው ከሌለዎት ለጉዞው ብቻ ከሥራ ባልደረባ መዋስ ይበቃል።
- ትራይፖድ፤ ለቆመ ሎኮሞቲቭና ለማታ ጣቢያ ብቻ።
- ሁለት ትርፍ ባትሪና ቢያንስ ሁለት ሚሞሪ ካርድ።
- ለስላሳ ብሩሽ፣ የሌንስ ጨርቅና ካሜራውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ንጹሕ ፌስታል። የድሬዳዋ አቧራ ደቃቅ ነው፤ በሌንሱ ቀለበት ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣቱ ከባድ ነው።
- ባርኔጣ፣ ውሃና የተደፈነ ጫማ። ከሀዲዱ ዳር የፈሰሰው ጠጠር ስለታም ስለሆነ በነጠላ ጫማ አይሄዱበት።
- ኮምፓስ፤ የስልክዎ ኮምፓስ ይበቃል።
- መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ።

1ኛ ደረጃ፦ ፈቃዱንና የጉዞውን ወሬ ከጎንደር ሳይነሡ ይጨርሱ

በአሮጌው መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው መደበኛ የመንገደኛ ጉዞ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ያለው ደግሞ አንዴ ሲሠራ አንዴ ሲቆም የኖረ ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ደውለው በዚያ ሳምንት የሚንቀሳቀስ ባቡር ስለመኖሩ ይጠይቁ፤ ዕቅድዎን ግን በቆሙት ሎኮሞቲቮች ላይ ይመሥርቱ። የሚንቀሳቀስ ባቡር ካገኙ ተጨማሪ ይሆንልዎታል፤ ካላገኙም ባዶ እጅዎን አይመለሱም።

ባቡር ጣቢያ፣ የጥገና ግቢና ድልድይ ጥበቃ ያለባቸው ስፍራዎች ናቸው። ከሚሠሩበት ድርጅት፣ ከትምህርት ቤትዎ ወይም ከቀበሌዎ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ይያዙ፤ ደብዳቤው ስምዎን፣ የመጡበትን ጉዳይና ፎቶው ለምን እንደሚውል በግልጽ ይናገር። ጥበቃው ደብዳቤውን ወደ ኃላፊው ይዞ መሄድ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ግቢው በር ላይ የሚደርሱት ብርሃኑ ጥሩ በሚሆንበት ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ቀን ይሁን። ያን ቀን ፈቃዱን ጨርሰው፣ ስፍራውን ያለ ካሜራ ዞረው አይተው፣ ለማንሳት በማግሥቱ ማለዳ ይመለሳሉ።

2ኛ ደረጃ፦ እዚሁ ጎንደር ላይ ይለማመዱ

ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ማለዳ የሚያልፉት አገር አቋራጭ አውቶቡሶች ከሁሉ የተሻሉ መለማመጃ ናቸው። ረጅም ናቸው፣ ፊታቸው ጠፍጣፋ ነው፣ በተወሰነ መሥመር ላይ ይመጣሉ፤ ፍጥነታቸውም ከአሮጌው ባቡር ፍጥነት ብዙም አይርቅም። ከአስፋልቱ በደንብ ወጥተው ይቁሙና አንድ የመንገድ ዳር ምልክት፣ ለምሳሌ አንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ይምረጡ። ፎከሱን ምሰሶው ላይ አድርገው ይቆልፉት። የአውቶቡሱ ፊት ምሰሶው አጠገብ ሲደርስ ያንሱ። ይህን ሳይሳሳቱ እስኪሠሩት ድረስ ይደጋግሙት፤ ሀዲድ ዳር የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነውና። በአውሮፕላን ማረፊያውና በወታደራዊ ተቋማት አካባቢ ግን ካሜራ አያውጡ።

የብርሃን መለኪያ ልምምዱ ደግሞ በፋሲል ግንብ ይሠራል። የግንቡ ድንጋይ ጠቆር ያለ ነው፣ ከኋላው ያለው ሰማይ ብሩህ ነው፤ ካሜራው ለብቻው ከተተወ ሰማዩን አይቶ ግንቡን ያጠቁረዋል። ጥቀርሻና ዘይት የጠጣ የሎኮሞቲቭ ጎን በሜዳ ሰማይ ፊት ሲቆም የሚፈጥረው ችግር በትክክል ይህ ነው። ሰማዩን ከክፈፉ አስወጥተው ብርሃኑን ከድንጋዩ ላይ ይለኩ፤ ቁጥሮቹን በማንዋል ይያዙ፤ ከዚያ ሰማዩን መልሰው ያስገቡና ያንሱ። በስልክ ከሆነ ድንጋዩን በጣትዎ ተጭነው ይቆዩና ብርሃኑ ሲቆለፍ እንደ አስፈላጊነቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉት።

3ኛ ደረጃ፦ ፀሐይዋን ከካርታው ጋር ያገናኙ

አብዛኛው ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ሰጥተው ይሥሩት። የሎኮሞቲቭ ጌጡ ከታች ነው፤ መንኮራኩሮቹ፣ በላያቸው ያሉት ባለ ብዙ ሞላ (ስፕሪንግ) የብረት ማዕቀፎች፣ የፍሬን ዘንጎቹና ቱቦዎቹ ሁሉ ከአካሉ ሥር ናቸው። ፀሐይ ከአናት ስትሆን የሎኮሞቲቩ አካል በእነዚህ ላይ ጥላ ይጥልና የታችኛው ክፍል አንድ ጥቁር መስመር ብቻ ይሆናል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ወደ አናታችን የምትወጣው በፍጥነት ነው። በመሆኑም የሥራ ሰዓትዎ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። በመሐል ያሉትን ሰዓታት ለፉርጎዎቹ ውስጥና በጥላ ላሉ ዝርዝሮች ያውሏቸው።

ቀጥሎ የሀዲዱን አቅጣጫ ይመልከቱ። ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ እስከ ድሬዳዋ ያለው መስመር በጥቅሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። በዚህ ክፍል ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ባቡር ፊቱ የሚበራው ጠዋት ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ፊቱ የሚበራው ከሰዓት በኋላ ነው። ጎኑን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ከሀዲዱ በስተደቡብ ይቁሙ፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ደግሞ ወደ ሰሜን ስለምትዞር በስተሰሜን ይቁሙ። በተለይ ድሬዳዋ ላይ፣ ከሚያዝያ 7 ገደማ እስከ ነሐሴ 22 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ «ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት» የሚሉ የውጭ አገር መመሪያዎችን አንብቦ የሄደ ሰው በእነዚህ ወራት በጥላው በኩል ቆሞ ይገኛል። በመካከል ባሉት ወራት ግን ፀሐይዋ ከሀዲዱ ጋር ልትገጥም ስለምትችል ስፍራው ላይ በኮምፓስ ያረጋግጡ።

ከድሬዳዋ በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ አድርጎ እስከ ደወሌ ያለው ክፍል ወደ ሰሜን ያደላል። እዚህ ጠዋት ከሀዲዱ በስተምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ በስተምዕራብ መቆም ይበቃል።

4ኛ ደረጃ፦ የቆመውን ሎኮሞቲቭ በሥርዓት ያንሱ

ድሬዳዋ የአሮጌው መስመር ዋና የጥገና ግቢ የሚገኝባት ከተማ ስለሆነች፣ የቆሙ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። ግቢው ውስጥ ሲገቡ ዙሪያውን በመሮጥ ብዙ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ፣ አንድ በጥሩ ብርሃን የቆመ ሎኮሞቲቭ መርጠው የሚከተሉትን አራት ዓይነት ፎቶዎች ከእሱ ብቻ ያውጡ።

የመጀመሪያው ፊቱንና አንድ ጎኑን አብሮ የሚያሳየው ነው። ከሎኮሞቲቩ ጥግ በሰያፍ፣ ከ15 እስከ 20 ሜትር ርቀው፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይቁሙ። ቦታው ጠባብ ነው ብለው ቀርበው በሰፊ ሌንስ ካነሱት፣ አፍንጫው ያለመጠን ያብጥና ኋላው ይቀጥናል፤ የስልክ ሰፊ ሌንስም ይህንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ በስልክ ሲሆን ወደ ኋላ ርቀው የሁለት እጥፍ ማቅረቢያውን ይጠቀሙ። ካሜራውን በቁመትዎ ልክ ሳይሆን በሆድዎ ልክ፣ ፉርጎዎቹን ከሎኮሞቲቩ ጋር በሚያያይዘው መንጠቆ ከፍታ አካባቢ ያውርዱት። ከላይ ሲታይ ሎኮሞቲቩ ያንሳል፤ መሬት ላይ ተኝተው ካነሱት ደግሞ መንኮራኩሮቹ በሣርና በጠጠር ይሸፈናሉ። አፐርቸሩ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ይሁን፤ ከፊት መብራቱ እስከ ኋላው ጥግ ድረስ ጥርት ብሎ እንዲታይ የሚያደርገው እሱ ነው። የሚበራው ፊቱ ወይስ ጎኑ ይሁን የሚለውን ሲመርጡ ሁለቱም ቢያንስ የተወሰነ ብርሃን የሚያገኙበትን ጥግ ይፈልጉ።

ሁለተኛው የጎን ፎቶ ነው። ከሎኮሞቲቩ መሐል ትይዩ ቆመው፣ የሀዲዱ መስመር ከክፈፉ የታችኛው ጠርዝ ጋር ትይዩ እንዲሆን አድርገው ያንሱ። ይህ ፎቶ ውበቱ ብዙም ባይጎላ፣ የሎኮሞቲቩን ትክክለኛ ቅርጽ ለሚያጠና ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ስለሆነ እንዳያልፉት።

ሦስተኛው የቅርብ ዝርዝር ነው፤ እኔ በበኩሌ ብዙ ጊዜ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከመንኮራኩሩ ፊት ለፊት ወደ ሀዲዱ ተጠግታ የምትቆም ቀጭን ቱቦ ይፈልጉ። ሀዲዱ ሲረጥብ ወይም ሎኮሞቲቩ ከባድ ጭነት ይዞ ሲነሣ መንኮራኩሩ እንዳይንሸራተት በዚች ቱቦ አሸዋ ይወርዳል። የቱቦዋ አፍ፣ የመንኮራኩሩ የተፋቀ ጠርዝና የሀዲዱ ጀርባ በአንድ ክፈፍ ሲገቡ፣ ማሽኑ መሬቱን እንዴት እንደሚይዝ ያለ ማብራሪያ ያሳያሉ። ከዚያ ቀና ይበሉና ወደ ነጂው ክፍል የሚያስወጡትን የብረት ደረጃዎች ይመልከቱ፤ የእግር መርገጫቸው መሐሉ ተበልቶ ሲያብረቀርቅ ዳርና ዳሩ ላይ ግን ቀለሙ እንዳለ ነው። የአየር ማስገቢያው ፍርግርግ፣ የፋብሪካው ሰሌዳና የመለያ ቁጥሩ ሳይቀሩ ይነሡ። ሰሌዳና ፍርግርግ ሲያነሱ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን የተቀረጸውን ፊደል ያደበዝዘዋል፣ ፍላሽ ደግሞ መሐሉ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ይተዋል። ጥላ ውስጥ ካገኙት ነጭ ወረቀት በጎን ይዘው ብርሃን ያንጸባርቁበት።

አራተኛው ሰው ያለበት ነው። ያለ ሰው የሎኮሞቲቭ ግዝፈት አይታወቅም። በግቢው ያሉ አንጋፋ ሠራተኞች ማሽኖቹን በቁጥራቸው የሚያውቁ ናቸው፤ ካሜራ ከመደቀንዎ በፊት ሰላም ብለው ይቅረቡ፦ «ጋሼ፣ ከጎንደር ነው የመጣሁት፤ ፈቃድዎ ቢሆን ከማሽኑ ጋር አንድ ፎቶ ባነሳዎት?» እንቢ ካሉ አመስግነው ይለፉ። ከፈቀዱ ደግሞ በሚሠሩበት ቦታ፣ እጃቸው በሚያርፍበት መያዣ አጠገብ ያቁሟቸው፤ በማያውቁት ቦታ እንዲቆሙ ከተደረጉ አቋማቸው ይደርቃል።

5ኛ ደረጃ፦ ለሚንቀሳቀሰው ባቡር ካሜራውን አስቀድመው ያዘጋጁ

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በአንድ ሴኮንድ 16.7 ሜትር ይጓዛል። ሹተሩ በ1/500 ሴኮንድ ሲከፈትና ሲዘጋ ባቡሩ 3.3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በ1/1000 ደግሞ 1.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ባቡሩ በሰያፍ ወደ እርስዎ ሲመጣ ይህ እንቅስቃሴ በፎቶው ላይ አጥሮ ስለሚታይ 1/500 ይበቃል፤ በጎን ሲያልፍ ግን 1/1000 ያስፈልጋል። የመለያ ቁጥሩ ይነበብ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ፀሐይዋ ጥሩ ከፍታ ላይ ስትሆን በአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት አቅም) 200፣ በኤፍ 8፣ በ1/800 ይጀምሩ። ገና ስትወጣ ወይም ልትጠልቅ ስትል በአይኤስኦ 400፣ በኤፍ 5.6፣ በ1/800 ይጀምሩ። ሁለቱም መነሻዎች እንጂ መድረሻዎች አይደሉም፤ ባቡሩ የሚያልፍበትን ስፍራ አንስተው በስክሪኑ አይተው ያስተካክሉ። ማንዋል ላይ መሆንዎ አስፈላጊ የሚሆነው ሎኮሞቲቩ የፊት መብራቱን አብርቶ ስለሚመጣ ነው፤ በአውቶማቲክ ያለ ካሜራ መብራቱን ሲያይ ትዕይንቱ በጣም ብሩህ ነው ብሎ ይወስንና ልክ በዋናው ቅጽበት ሁሉንም ያጨልመዋል።

ፎከሱንም እንደዚሁ አስቀድመው ያድርጉ። ከሀዲዱ ሥር ከተጋደሙት አግዳሚዎች አንዱን፣ ወይም ከሀዲዱ ዳር ያለ አንድ ድንጋይ መርጠው ፎከስ ያድርጉበትና ወደ ማንዋል ፎከስ ይቀይሩት። ባቡሩ ምልክትዎ ላይ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብለው በተከታታይ ማንሳት ይጀምሩ። ሩቅ ሳለ ከጀመሩ የካሜራው ጊዜያዊ ማኅደር ይሞላና ዋናው ቅጽበት ሲደርስ ይቆምብዎታል።

ከክፈፉ ውስጥ ከሎኮሞቲቩ ፊት የሚተዉት ቦታ ከኋላው ከሚተዉት ይብለጥ። የመንገደኛ ባቡር ፎቶ ሙሉ የሚሆነው ፉርጎዎቹም ሲታዩ ስለሆነ፣ ሀዲዱ የሚታጠፍበትን ቦታ ፈልገው በእጥፋቱ ውስጠኛ በኩል ይቁሙ፤ ከዚያ ሎኮሞቲቩና የመጨረሻው ፉርጎ በአንድ ላይ ይታያሉ። የታጠፈ ሀዲድ ከሌለ በ200 ሚሊ ሜትር ከሩቅ ያንሱ፤ ሌንሱ ፉርጎዎቹን እርስ በርስ ያቀራርባቸዋል። ይህን ግን በማለዳ ብቻ ይሞክሩት። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ የቆላው መሬት ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ በሩቅ ሌንስ የተነሣ ፎቶ በየትኛውም ቅንብር ሊጠራ አይችልም፤ ሰዎች ሌንሳቸው የተበላሸ የሚመስላቸው በዚህ ጊዜ ነው።

ጭሱን ከፈለጉ የሚጠብቁበትን ቦታ በሞተሩ አሠራር ይምረጡ። በብዙዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ውስጥ የናፍጣው ሞተር መንኮራኩሩን በቀጥታ አያዞርም፤ ጀነሬተር ያዞራል፤ ከጀነሬተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ መንኮራኩሮቹ ጋ ያሉትን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ሞተሩ ከሁሉ በላይ የሚለፋውና የሚያጨሰው ባቡሩ ከጣቢያ ሲነሣና ዳገት ሲወጣ ነው፤ በሜዳ እየከነፈ ሲያልፍ ጭስ አይጠብቁ። ሲነሣም የሞተሩ ድምፅ ባቡሩ ከመንቀሳቀሱ ቀድሞ ያድጋል፤ ድምፁ ሲያድግ ጣትዎ ዝግጁ ይሁን።

6ኛ ደረጃ፦ ባቡሩን በካሜራ እየተከተሉ ማንሳት

በዚህ አሠራር ሎኮሞቲቩ ጥርት ብሎ ሲቆም ከኋላው ያለው ሜዳ በመስመር ይፈስሳል፤ ፍጥነትን የሚያሳየው ይህ ነው። ከሀዲዱ በትክክል በጎን፣ 20 ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙ። እግርዎን ያዙሩት ባቡሩን ወደሚለቁበት አቅጣጫ እንጂ ወደሚመጣበት አይደለም፤ ከዚያ ከወገብዎ ብቻ ዞረው ይቀበሉት። እንዲህ ሲሆን ሰውነትዎ የተጠማዘዘው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ወደ ማንሻው ቅጽበት ሲቃረቡ እየተፈታ ስለሚሄድ ካሜራው አይንቀጠቀጥም። ዓይንዎን በአንድ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በነጂው መስኮት ላይ፣ ይትከሉና ካነሱም በኋላ መዞርዎን ሳያቋርጡ ይቀጥሉ። ሹተሩን በ1/125 ይጀምሩ፤ ሲሳካልዎ ወደ 1/60 ይውረዱ። ባቡሩ የሚያልፈው አንዴ ብቻ ከሆነ ይህን አይሞክሩ፤ አስቀድሞ እርግጠኛውን የሰያፍ ፎቶ ይያዙ።

7ኛ ደረጃ፦ ፉርጎ ውስጥና ጣቢያ ላይ በማታ

ፉርጎ ውስጥ መስኮቱ በጣም ብሩህ፣ ወንበሩ በጣም ጨለማ ነው። ብርሃኑን ከተሳፋሪው ፊት ላይ ይለኩ፤ ሰውየውንም መስኮቱን በጎኑ እንዲያገኝ አድርገው ያንሱ። አይኤስኦ 1600 መጠቀም አያስፈራ፤ ትንሽ ሸካራነት ያለው ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል። ጣቢያ ላይ በማታ ሲያነሱ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ያድርጉት፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ዙር ስለሆነ በሌላ ፍጥነት የሸንበቆ (ፍሎረሰንት) መብራቶች በፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ሊጥሉ ይችላሉ።

ብርቱ ማስጠንቀቂያዎች

ከሀዲዱ ጠርዝ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቁ፤ በሁለት ሀዲዶች መካከል ቆመው፣ ተቀምጠው ወይም ጀርባዎን ሰጥተው በጭራሽ አያንሱ። ባቡር ፍሬን ከያዘ በኋላም ረጅም ርቀት ሳይቆም ይሄዳል፤ ከፊት የሚመጣ ባቡር ድምፁ የሚሰማው ከሚገመተው ዘግይቶ ነው፤ ነፋስ በተቃራኒው ከነፈሰ ደግሞ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል። ሣር የበቀለበት ሀዲድ የተተወ ይመስላል፤ የጥገና ተሽከርካሪ ግን ሊያልፍበት ይችላል። በካሜራው ቀዳዳ ሲያዩ ርቀት ስለሚያታልል፣ ሁለት ሆነው ይሂዱና አንዱ ያለ ካሜራ ይጠብቅ።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን፣ ከሀዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ሽቦውን ባይነኩት እንኳ መጠጋቱ ብቻ ይገድላል። በዚያ አካባቢ የተዘረጋ ትራይፖድ፣ የሰልፊ ዘንግ ወይም ጃንጥላ ወደ ላይ አያንሡ፤ የቆመ ፉርጎ ጣሪያ ላይም አይውጡ።

በሚንቀሳቀስ ባቡር ላይ ፍላሽ አይተኩሱ፤ የነጂውን ዓይን ያጨልማል። ከፉርጎ መስኮት ጭንቅላትዎንም ካሜራዎንም አያውጡ። ድሮን ያለ ፈቃድ አያስነሡ። ጥበቃ አቁሙ ካለዎት ያቁሙ፤ ፎቶውን አጥፉ ካለዎት እያየ ያጥፉ፤ ደብዳቤዎን የሚያሳዩት በትሕትና እንጂ በክርክር አይደለም።

ዘወትር የሚታዩ ስሕተቶች

ሎኮሞቲቩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከጣሪያው ላይ ምሰሶ የበቀለ የሚመስልበት ፎቶ ብዙ ነው፤ ከማንሳትዎ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ቢሉ ይስተካከላል። የአንሺው ጥላ ሀዲዱ ላይ የሚወድቀው ፀሐይ ከጀርባ ዝቅ ብላ ሳለች ስለሆነ ጥላውን ወደ ሣሩ ያውጡት። ያጋደለ አድማስ በባቡር ፎቶ ላይ ከሌላው የባሰ ይታያል፤ ፉርጎዎቹ ቁልቁል የሚንሸራተቱ ያስመስላል፤ የካሜራውን የፍርግርግ መስመር ያብሩት።

አየር ማቀዝቀዣ ካለው ክፍል ወጥተው ካሜራውን ወዲያው ከቦርሳ ማውጣትም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል። ከነቦርሳው ሃያ ደቂቃ ያህል ውጭ ያቆዩት። ሌንስ የሚቀይሩት በፌስታሉ ውስጥ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍተው ይሁን። በስልክ ሲሠሩ ደግሞ ከሌንሱ አቅም በላይ በጣት እየጎተቱ ማቅረብ ዝርዝሩን ያጠፋዋል፤ ከዚያ ይልቅ ሰፋ አድርገው አንስተው በኋላ ይቁረጡት።

8ኛ ደረጃ፦ ጎንደር ሲመለሱ

በዚያኑ ሌሊት ፎቶዎቹን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይገልብጡ፤ ካርዱን ከዚያ በፊት አያጥፉ። በሮው ፎርማት (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሱ ሎኮሞቲቩን ብቻ መርጠው የጥላውን ክፍል ያውጡት፤ መንኮራኩሮቹ እስኪታዩ ድረስ እንጂ ብረቱ ግራጫ እስኪሆን አይደለም። ዝገትና የተላጠ ቀለም በማለስለሻ አይንኩ፤ የዕቃውን እውነተኛ ሁኔታ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ለእያንዳንዱ ፎቶ የሎኮሞቲቩን መለያ ቁጥር፣ የጣቢያውን ስም፣ ወዴት አቅጣጫ እንደቆመና ቀኑን ይጻፉ። ካሜራው ቀኑን የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠርና ከእኩለ ሌሊት በሚጀምር ሰዓት ነው፤ በመግለጫው ላይ ዓ.ም. ወይስ እ.ኤ.አ. መሆኑን ካልለዩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠራል። ቁጥሩ ካልተነበበ ገምተው አይጻፉ፤ ከጎን ፎቶው ላይ አጉልተው ያንብቡት፤ ካልተቻለም ባዶውን ይተዉት።

በመጨረሻ ፈቅደው የተነሡልዎትን ሠራተኞች ፎቶ በ13 በ18 ሴንቲ ሜትር አሳትመው፣ ከጀርባው ስማቸውንና ቀኑን ጽፈው፣ ወደ ድሬዳዋ በሚሄድ ሰው ይላኩላቸው። ከእርስዎ በኋላ ካሜራ ይዞ ግቢው በር ላይ የሚቆም ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ በዚህ ይወሰናል።